እቴጌ ምንትዋብ ያስጌጧቸው ቤቶችና ስማቸው ያልተጻፈ እጆች

ጎንደር ሄዶ ፋሲል ግቢ ውስጥ ፎቶ ሳይነሳ የሚመለስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቁስቋም ድረስ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በስተሰሜን ምዕራብ በኩል ተራራው ላይ፣ ጣሪያው የፈረሰ የድንጋይ ቤት አለ። ከሩቅ ስታዩት በቃ ፍርስራሽ ነው። ጠጋ ስትሉ ግን ግድግዳው ላይ ቀላ ካለ ድንጋይ ተጠርበው የወጡ መስቀሎች ታያላችሁ። የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል አንበሳቸው ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ቅርጽም አለ።

የሐበሻ ቀሚስ አስቡ። ነጩ ልብስ ላይ ጥለቱ እንዴት ጎልቶ ይታያል? እዚህም ቀዩ ድንጋይ ለግንቡ ጥለት ሆኖለታል።

ይሄን ቤት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ታሪካቸውን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፍቅርና በሥልጣን ሽኩቻው በኩል ነው። ዛሬ ግን በሌላ በር እንግባ፦ ባሠሯቸውና ባስጌጧቸው ቤቶች በኩል። ምክንያቱም እነዚህ ቤቶች የእቴጌይቱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ብዙ ያላወራላቸውን ሰዎች ታሪክም ይዘዋል።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቋራዋ ልጅ

ምንትዋብ የተወለዱት በ1706 አካባቢ፣ ከጎንደር በስተምዕራብ በሚገኘው በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ምንትዋብ የሚለው ስም ራሱ ስለ መልካቸው ይናገራል፤ እንዴት ታምራለች እንደማለት ነው።

ንጉሡን እንዴት እንዳገኙ የሚተረከው ታሪክ ፊልም ይመስላል። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው አገር ለአገር መዞር ይወዱ ነበር ይባላል። ቋራ ላይ ሳሉ ታመሙ፤ አንድ ቤት አስተኛቸው፤ የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው። ሲድኑ ረስተው አልሄዱም፣ አገቧት። ታሪኩ ምን ያህል እውነት ምን ያህል ተረት እንደሆነ መለየት ይከብዳል። እርግጡ ነገር በካፋ ከ1721 እስከ 1730 መንገሣቸውና ምንትዋብ የእሳቸው ሚስት ሆነው በ1723 ኢያሱን መውለዳቸው ነው።

በ1730 በካፋ ሞቱ። ወራሹ ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ሰባት ዓመት! አገር የሚገዛው ማነው ታዲያ?

እናት። ግን እንደ ሞግዚት ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው አልነበረም። ምንትዋብ ራሳቸው ዘውድ ጫኑ፣ ብርሃን ሞገሳ የሚል ስመ መንግሥትም ወሰዱ። ልጁም ብርሃን ሰገድ ተባለ። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ከንጉሡ እኩል ዘውድ ደፍታ መግዛቷ ቀላል ነገር አልነበረም። ወዲያው ተቃዋሚ ተነሳ። በንግሥናው መጀመሪያ ዓመታት አመፀኞች ቤተ መንግሥቱን ከበው፣ እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ ተይዘው ነበር። ያወጣቸው የቋራ ዘመዶቻቸው ደርሰው መዋጋታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወንድማቸው ወልደ ልዑልና ሌሎች የቋራ ሰዎች ትልልቁን ሹመት ያዙ።

የራስ ቤት

ምንትዋብ ቁስቋምን የገነቡት በዚህ ውጥረት ውስጥ ነው። ስሙ የመጣው ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ስትሰደድ ካረፈችበት የግብፁ ደብረ ቁስቋም ነው። እስቲ አስቡት፦ ልጇን ታቅፋ ከጠላት የሸሸች እናት ያረፈችበትን ቦታ ስም፣ ልጃቸውን ይዘው ከበባ ያለፉ እናት ለቤታቸው ሰጡት። የኅዳር 6 ቁስቋም በዓል እስከ ዛሬ ይከበራል።

እዚያ ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ መኖሪያ ግንብ፣ የግብር አዳራሽ፣ ዙሪያውን የሚከብ ቅጥር አሠሩ። ፋሲል ግቢ ውስጥም በስማቸው የሚጠራ ግንብ አላቸው፤ እሱም በመስቀል ቅርጾች ያጌጠ ነው። ጣና ላይ ደቅ ደሴት ሄዳችሁ ናርጋ ሥላሴን ብታዩ ደግሞ የእሳቸውን ሥዕል ታገኛላችሁ። ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው፣ ግን የለበሱት ልብስ ምን የመሰለ ባለ አበባ! ሠዓሊው ለልብሱ የተጨነቀውን ያህል ለሌላው የተጨነቀ አይመስልም።

ይሄ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ዘዴ የሚሉት በእሳቸው ዘመን ነው ያበበው። መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይለወጣል። ፊቱ ጥላ አለው። ልብሱ በሐርና በወርቀ ዘቦ ጥለት የተሞላ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጨርቅ ቤተ መንግሥት ገብቶ፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ሥዕሉ ገባ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን የለ፣ ፌስቡክ የለ። አንድ ገዥ ኃይሉን ለሕዝብ የሚያሳየው በጦርና በሚያሠራው ነገር ነው። ምንትዋብ ሁለተኛው ላይ ጎበዝ ነበሩ።

የመስታወቱ ክፍል

ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲያድጉ ደግሞ የእናታቸውን አመል ወረሱ፤ እንዲያውም ባሰባቸው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉበት አንድ ክፍል ማስጌጥ ጀመሩ። ይሄን ክፍል የገለጸልን በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። እሱ ሲደርስ የክፍሉ ክብር አልፎ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም።

ክፍሉ እንዲህ ነበር። የግድግዳው የታችኛው ክፍል በዝሆን ጥርስ ተለብጧል። ከዚያ በላይ ከቬኒስ የመጡ መስታወቶች በረድፍ በረድፍ ተያይዘው፣ በወርቅ በተለበጠ መዳብ ተከብበው ተሰቅለዋል። ከቬኒስ ጎንደር! በዚያን ጊዜ የውጭ ዕቃ የሚገባበት ዋናው በር ምጽዋ ነበር። መስታወቱ ባሕር ከተሻገረ በኋላ በጭነት ከብት ተራራ ለተራራ ነው የሚመጣው። አንድም ሳይሰበር ደረሰ ቢባል ማመን ይከብዳል።

የብረታ ብረቱን ሥራ የሠሩት ከሰምርኔስ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቱርክ ኢዝሚር፣ ሸሽተው የመጡ ግሪካውያን አንጥረኞች ናቸው። ብርን እንደ ክር አቅጥነው የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ።

አሁን ቀና በሉ፣ ጣሪያውን እዩ።

ብሩስ ከሁሉም በላይ የወደደው ጣሪያውን ይመስላል። ጣሪያው ከዝሆን ጥርስም ከመስታወትም የተሠራ አልነበረም። ሸምበቆ ነበር። እዚሁ አገር ወንዝ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ ተሰንጥቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አንዱ ካንዱ እየተገጠመ ልክ እንደ ሞዛይክ የተለያየ ቅርጽ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። እንደ ብሩስ አባባል ያንን ድምቀት ላላየው ሰው ማስረዳት አይቻልም። ውዱ መስታወት ከሥር ሆኖ፣ ከሜዳ የተቆረጠው ሸምበቆ ከላይ ነገሠ።

ይሄን ጣሪያ የሠሩት እነማን ናቸው? ቤተ እስራኤሎች።

ባለ እጅ

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል።

በጎንደር ዘመን ግንበኝነቱ፣ አናጢነቱ፣ ብረት ቅጥቀጣው፣ ሸክላውና ሽመናው በብዛት በቤተ እስራኤሎች እጅ ነበር። ያኔ ሰው የሚጠራቸው ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠረው ፈላሻ በሚለው ስም ነው። ለነገሥታቱ ግንብ ድንጋይ ጠርበዋል፣ በኖራ ገንብተዋል፣ ጣሪያ ከድነዋል። ከመካከላቸው ሙያቸው ተከብሮ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ያገኙና መሬት የተሰጣቸው ነበሩ። ስለዚህ ዘመኑን ሙሉ በሙሉ ጨለማ አድርገን መሳል ልክ አይሆንም።

ግን ከቤተ መንግሥቱ በር ሲወጡ ሌላ ዓለም ይጠብቃቸዋል። አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት መውረስ ተከልክሎ በሰው መሬት ላይ የሚኖር ነው። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? እጁን ይሠራበታል። እጁን ሲሠራበት ደግሞ ይናቃል። ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ ነው ተባለ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ይሄ ለቤተ እስራኤል ብቻ የተሰጠ ስድብም አልነበረም። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ሲባል፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ሲባል ኖሯል። ባለ እጅ የሚለውን ቃል ራሱን አስቡት። ስትሰሙት ምስጋና ይመስላል አይደል? ሲባል የኖረው ግን በሹክሹክታ ነው።

ማረሻውን ከሱ እጅ ይቀበላሉ፣ ጋኑን ከሚስቱ እጅ ይገዛሉ፣ ንጉሡ ከሠራው ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ፤ አብሮ መብላት ግን ነውር ነው። የጎንደር ውበት የቆመው በዚህ ተቃርኖ ላይ ነው። የንጉሦቹን ስም በቅደም ተከተል መጥራት እንችላለን። ያንን ሸምበቆ አንድ በአንድ የገጠመው ሰው ስም ግን እኛ ጋ አልደረሰም።

ምንትዋብ ይሄን ሥርዓት አልፈጠሩትም፣ አላፈረሱትም። ሙያውን አሰባሰቡት፣ አሠሩት፣ ተጠቀሙበት። የምናደንቃቸውን ያህል ይሄንንም ማወቅ አለብን።

ፌዝ፣ ጦርነት፣ ባዶ ግምጃ ቤት

ሰው ግን ማጉረምረም ጀመረ። ንጉሥ ማለት ዘማች ነው፤ ይሄ ግን ከአንጥረኛ ጋር ውሎ የሚያድር ነው ተባለ። በብሩስ ዘገባ መሠረት በዳግማዊ ኢያሱ ላይ የሚያፌዝ ጽሑፍ ሁሉ ወጥቶ ነበር። የዘመቻዎቻቸውን ታሪክ የሚዘረዝር አስመስሎ፣ ዘመቱ የሚላቸው ቦታዎች ግን እዚያው ጎንደር ዙሪያ ያሉ ናቸው። የዛሬ ሰው ሚም ይሠራበት ነበር።

ፌዙ ሳያንገበግባቸው አልቀረም። በ1744 ንጉሡ ጦር አስከትተው ወደ ሰናር፣ ወደ ዛሬዋ ሱዳን ዘመቱ። ውጤቱ ከባድ ሽንፈት ሆነ። ነገሥታቱ ዘመቻ ሲሄዱ ይዘውት የሚወጡት ታላቁ ሥዕል፣ ኩርዓተ ርእሱ፣ በጠላት እጅ ወደቀ፤ በኋላ ገንዘብ ተከፍሎበት ነው የተመለሰው።

በ1755 ዳግማዊ ኢያሱ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ሞቱ። ግምጃ ቤቱ ሲከፈት ለቀብራቸው የሚበቃ ገንዘብ እንኳ አልተገኘም ተብሎ ይተረካል። ግንብ፣ መስታወት፣ ጦርነት፣ ስጦታ፤ ገንዘቡ እዚያ ሁሉ ሄዷል። ምንትዋብ በዚህ ተሰብረው ሁሉን ትተው ቁስቋም ልግባ ብለው ነበር። መኳንንቱ ለምነው መለሷቸው።

የመስታወቱ ክፍልም ሳያልቅ ቀረ። የጎደለውን የሚሞላ መስታወት አልመጣም፣ ያዘዘው ንጉሥም የለም።

እና አንጥረኞቹ? እነዚያ ብርን እንደ ክር የሚያቀጥኑት? የሚያስታውሳቸው ጠፋ። ኮርቻ፣ ልጓምና የሰይፍ ማስጌጫ ወደመሥራት ዞሩ፤ ያውም በማይረባ ክፍያ። አገር ወደ ጦርነት ስትዞር ጥበቡም አብሮ ዞረ ማለት ነው። ቤት ያስጌጥ የነበረ እጅ የጦር ፈረስ ማስጌጥ ጀመረ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ሐዘን እዚህ ጋ ነው።

የመጨረሻው ዓመታት

ከኢያሱ በኋላ የነገሡት የምንትዋብ የልጅ ልጅ ኢዮአስ ናቸው። እሳቸውም ሲነግሡ ሕፃን ነበሩና እቴጌይቱ ለሁለተኛ ጊዜ መግዛት ፈለጉ። አሁን ግን ከባድ ተቀናቃኝ አለ፦ የኢዮአስ እናት ውቢት። እኔ ለባሌ እናት እንደታዘዝኩ አሁን ደግሞ በልጄ ላይ ተራው የእኔ ነው የሚል ጥያቄ ተነሳ። በአንድ ወገን የቋራ ዘመድ፣ በሌላ ወገን የውቢት የኦሮሞ ዘመዶች። ወንድማቸው ወልደ ልዑል በሕይወት እስካሉ ድረስ ነገሩ እንደምንም ተያዘ። በ1767 እሳቸው ሲሞቱ ገመዱ ተበጠሰ።

ሊያስታርቁ ተብለው የተጠሩት የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ሚካኤል መጡ፤ ግን የመጡት ለራሳቸው ነው። በ1769 ኢዮአስ በእሳቸው ትእዛዝ ተገደሉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ዘመነ መሳፍንት የምንለው ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ምንትዋብ ባላቸውን ቀብረዋል፣ ልጃቸውን ቀብረዋል፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸውን። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ቁስቋም ሆነ። ብሩስ ያገኛቸውም እዚያ ነው። በግቢያቸው የነበሩ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ስለነበር እንደ ሐኪም አስጠርተው አስተናገዱት። ብሩስ ስለ ጎንደር የጻፈልን ብዙ ነገር የተገኘው በእነዚያ ቀይ መስቀሎች ባሉበት ግቢ ውስጥ ሲወጣና ሲገባ ነው።

በ1771 የሰርባኩሳ ጦርነት ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ ከመስታወቱ ክፍል ተርፈው የነበሩት የመጨረሻዎቹ መስታወቶች ተሰባበሩ። ብሩስ በዓይኑ አይቷል።

እቴጌ ምንትዋብ በ1773 ዐረፉ።

ምን ቀረ?

በ1888 ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልተረፈም። ዛሬ የምታዩት ቤተ ክርስቲያን በኋላ የተሠራ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ ይታያል። ሦስት ትውልድ በአንድ ሣጥን። ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የሸምበቆው ጣሪያ የለም። የጎንደርን የጣሪያ ጥበብ ማየት የሚፈልግ ዛሬ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይገባና ወደ ላይ ቀና ብሎ የመላእክቱን ፊት ያያል። እሱ ተርፏል፤ ያኛው በብሩስ ወረቀት ላይ ብቻ ቀርቷል።

ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ትንሽ ወጣ ስትሉ ደግሞ ወለቃ አለች። የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች፤ በሸክላ ሥራዋ ትታወቃለች። ሰዎቹ በ1984 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሸክላው ግን ዛሬም ይሠራል፣ መንገድ ዳርም ይሸጣል። ዛሬ እስራኤል ውስጥ የሚያድግ የእናንተ እኩያ ቤተ እስራኤል፣ የፋሲል ግቢን ፎቶ ሲያይ የቅድመ አያቶቹን የእጅ ሥራ እያየ ሊሆን ይችላል። ይሄን የሚነግረው ጽሑፍ ግን ግንቡ ላይ የለም።

ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1908 ነው፤ ምንትዋብ ከሞቱ 135 ዓመት በኋላ። አዋጁ ከወጣም ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ዛሬም አንዳንድ ሰፈር፣ አንዳንድ የጋብቻ ሽምግልና ላይ ብቅ ይላል። የልጅቷ ዘር ምንድነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሸማኔ ናቸው፣ ቀጥቃጭ ናቸው ተብሎ ሲቀር ሰምታችሁ አታውቁም? የጥበብ ቀሚሱን እንወዳለን፤ የሸመነው ሰው ልጅ ስትዳር ግን ወደኋላ እንላለን።

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ የእጅ ሥራ አይጠፋም። መሶብ ይሆናል፣ ጀበና ይሆናል፣ የአያታችሁ ጋቢ ይሆናል። ዛሬ ማታ ማን እንደሠራው ጠይቁ። ስሙ ከታወቀ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ከዕቃው ጋር ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። ያ የጎንደር ጣሪያ ሲሠራ አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ከምንትዋብ ስም ጎን የምንጠራው ሌላ ስም ይኖረን ነበር።